ምልክት ስንት ሸክም ይችላል? አንድ ጥያቄና 18 መልሶች

ይህን የጥያቄና መልስ ውይይት የከፈተችው የመሣሪያ መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የምትመልስ ተርጓሚ ናት። መነሻዋ ከአንድ መመሪያ ያወጣችው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ምልክቱ ሲታይ ምልክቱን ተጭነው ምልክቱ እስኪሰማ ይጠብቁ።» የፊተኛው ምልክት መብራት ነው፤ መካከለኛው ቁልፉ ላይ የተሣለው ሥዕል፤ የኋለኛው ድምፅ። ሰዋስዉ አልተሳሳተም፤ መሣሪያው ፊት የቆመ ሰው ግን ምኑን እንደሚጫን አያውቅም። አማርኛ ለመብራቱም፣ ለሥዕሉም፣ ለድምፁም፣ ለበሽታውም፣ ለመንገድ ሰሌዳውም፣ ለሸቀጥ መለያውም፣ ለእጅ ጥቅሻውም ይህንኑ አንድ ቃል ስለሚልክ ምልክት ጎብጧል ትላለች። ሁለት ነገር ትጠይቃለች። ሸክሙን የሚጋሩ ቃላት በቋንቋችን አሉ ወይስ አዲስ እንፍጠር? ደግሞስ ሰው ለኮምፒውተር ጽፎ ሥራ የሚያስጀምርበትን፣ ዛሬ ሁሉም ፕሮምፕት እያለ የሚጽፈውን፣ ምን እንበለው?

መልሶቹን በቅደም ተከተላቸው አስቀምጫለሁ። አንዳንዱ ሁለት መስመር ነው፣ አንዳንዱ ገጽ ይሞላል።

መልስ 1

የመጣው ከአንድ የሰዋስው መምህር ነው። ተርጓሚዋን ስለ ጥያቄዋ አመስግኖ ቃሉን ይፈታዋል። የምልክት ሥር ባለ አራት ድምፅ ነው፦ መ፣ ለ፣ ከ፣ ተ። ተመለከተ ሲባል ዐይን ወደ ነገሩ ይሄዳል፤ አመለከተ ሲባል ዐይንን ወደ ነገሩ የሚወስድ አለ፤ ምልክት በሁለቱ መካከል የቆመው፣ ታይቶ የሚያሳየው ነው። ተመልካች፣ ማመልከቻ፣ አመልካች ጣት፣ የስታቲስቲክስ ሰዎች አመላካች የሚሉት፣ ሁሉም የዚህ ሥር ልጆች ናቸው። ስለ ንባቡም ያክላል፦ ክ ይጠብቃል፣ በማጥበቂያ ነጥብ ሲጻፍ ምልክ፟ት ይሆናል። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር ክን አላልቶ ሲያነበው ጆሮ ቃሉን አያውቀውም፤ መመሪያ በድምፅ ለሚያዘጋጅ ሰው ሁለቱ ነጥቦች ይጠቅማሉ።

መልስ 2

አጭር ነው፣ በሙሉ ልብም የተጻፈ። ምልክት፣ አምላክ፣ መለኮትና መለከት የአንድ ሥር ቤተሰብ ናቸው ይላል፤ መለከትም ሲነፋ ምልክት ስለሚሰጥ ስሙ ከዚያ መጣ ብሎ ይደመድማል። ማስረጃ አልጨመረም።

መልስ 3

የግዕዝ ተማሪ ነው፣ 2ኛውን በጨዋነት ግን ያለ ርኅራኄ ያርመዋል። መለያው ት ነው። ያመልካል፣ አምላኪ፣ አምልኮ በሚሉት ውስጥ ት የለችም፤ ያመለክታል፣ አመልካች በሚሉት ውስጥ ግን አለች። የአመልካች ች ከከፈተ ከፋች እንደሚወጣው ሁሉ ከት የመጣች ናት። ስለዚህ አምላክና መለኮት ሌላ ቤት ናቸው። መለከትም ክው ይላላል፤ ድምፅ ስለ ተቀራረበ ዘመድ ማድረግ የቃላት ጥናት አይደለም ይላል።

ከዚያ ወደ ጥያቄው ይመለሳል። ግዕዝ ትእምርት የሚል ቃል አለው፤ ተአምር ከሚለው ጋር አንድ ሥር ነው። የዮሐንስ ወንጌል በቃና ውኃው ወይን የሆነበትን በአማርኛው ምልክት ብሎ ሲጠራው ሁለቱ አሳቦች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። በሥርዓተ ነጥብ ትእምርተ ጥቅስ፣ ትእምርተ አንክሮ፣ እንዲሁም ተገልብጦ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የሚቆመው ትእምርተ ሥላቅ አሉን። የሚጻፈውና የሚሣለው ሁሉ ትእምርት ይባል፣ ምልክት ለቀረው ይተው ብሎ ሐሳብ ያቀርባል። ለሰዋስው መጽሐፍ መልካም ነው። ምጣድና ማጠቢያ ማሽን ፊት ለሚቆም ሰው ግን ትእምርቱን ይጫኑ ማለት ችግሩን ከአንድ ቃል ወደ ሌላ ማዛወር ነው።

መልስ 4

የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኙም ይህንኑ አይቷል፤ ጎዳናው ችግሩን ድሮ ፈትቶታል ይላል። መኪናው ጎን ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ፍሬቻ ነው፤ ቃሉ በጣልያንኛ ቀስት ነው፣ በጥንት መኪኖች ከጎን ብድግ የሚል ጠቋሚ ክንድ ነበርና። የሚጮኸው ክላክስ ነው። ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ የሚያሰማው ወራጅ አለ ነው፤ ሁለት ቃል ነው፣ ግን ማን እንደተናገረ፣ ለማን እንደሆነና ምን መደረግ እንዳለበት ሁሉንም ይዟል። ምልክት ለሰሌዳው ብቻ ቀረ፤ ሰሌዳውም በቅርጹ ይለያል። ሦስት ማዕዘኑ ያስጠነቅቃል፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ ይከለክላል፣ ሰማያዊው ክብ ያስገድዳል። ቁም የሚለው ባለ ስምንት ማዕዘን የሆነው ጭቃ ቢሸፍነው ወይም ከጀርባው ቢታይ እንኳ በቅርጹ እንዲታወቅ ነው።

ቃሉ ገንዘብ የሚያስከፍልበትን ቦታ ግን ያውቃል፤ ዳሽቦርዱ ነው። የዘይት ምልክት በራ ሲባል ብዙ ሰው ዘይት ጎደለ ብሎ ይሰማል፣ አንድ ሊትር ጨምሮ ጉዞውን ይቀጥላል። ቀዩ የዘይት ማሰሮ ግን የሚናገረው ስለ ግፊት ነው። ዘይቱ ሞልቶ ፓምፑ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ማጣሪያው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እዚያው ይጠፋል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ መለኪያው ዘንግ ወጥቶ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ተመልሶ ገብቶ እንደገና ይታያል። ልኩ ደኅና ከሆነና ሲነሣ መብራቱ ካልጠፋ መኪናው ይጎተታል እንጂ አይነዳም፤ ያለ ግፊት የሚሽከረከር ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ይበላላል። የዘይት ግፊት መብራት ተብሎ ቢጻፍ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። ተርጓሚዋ የጠየቀችውን በቀጥታ የመለሰ የመጀመሪያው ሰው ይመስለኛል።

መልስ 5

በጤና ሥራ ላይ ያለች ሴት ናት። በሕክምና ችግሩ ከመኪናም ይከፋል ትላለች፤ ሐኪሞች የሚለዩአቸው ሁለት ነገሮች በአማርኛ ሁለቱም ምልክት ናቸውና። አንዱ ታማሚው የሚሰማውና የሚናገረው ነው፦ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ሌላው መርማሪው የሚያየው፣ የሚዳስሰው፣ የሚለካው ነው፦ 38.5 ዲግሪ ትኩሳት፣ የዐይን ቢጫነት። ሕፃን ስሜቱን ስለማይናገር ሁለተኛው ሁሉ ነገር ነው።

ለዚህ ነው ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አራቱ አጠቃላይ የአደጋ ምልክቶች በስማቸው የሚጠሩት፦ መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ ማንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት። አንዷ እንኳ ከታየች ሕፃኑ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። «የወሰደውን ሁሉ» ሲባል እናት «ሁሉ» የሚለውን እንዴት እንደምትረዳው ወሳኝ ነው። አንዴ ወይም ሁለቴ ማስመለስ አይደለም፤ ምንም ነገር ሆዱ ውስጥ አለመቆየቱ ነው። ምልክት ካየሽ አምጪው ብሎ መመለስ ምንም አልነገሩም ማለት ነው። ለድርቀት የሆድ ቆዳ፣ በእምብርትና በጎን መካከል፣ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ከፍ ተደርጎ ይለቀቃል፤ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ከከባድ ድርቀት ምልክቶች አንዱ ነው። ጥፍር አይነካውም፣ ቆዳው የሚያዘው በጣት ሆድ ነው። ስለ ትንፋሽ ስትጽፍ ግን ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ይበቃል ብላ አለፈች።

መልስ 6

ሌላ የጤና ባለሙያ ነው፣ ያቺን አንድ መስመር ብቻ ይዞ ይመጣል። ትንፋሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው ይላል። የሕፃን ትንፋሽ እኩል አይሄድም፤ ይፈጥናል፣ ያርፋል፣ ይፈጥናል። ግማሽ ደቂቃ ላይ የተሳሳተች ሁለት ትንፋሽ ስትባዛ አራት ትሆናለች፤ ወሰኑም ጠባብ ነው። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው፤ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ። ሕፃኑ ጸጥ ያለ መሆን አለበት፤ እያለቀሰ ወይም እየጠባ ከተቆጠረ ቁጥሩ አያገለግልም። የሚቆጠረውም ሆዱ ወይም ደረቱ ተገልጦ ነው። 5ኛዋ በኋላ ገብታ ትክክል ነህ ወንድሜ ብላ ተቀብላለች።

መልስ 7

የአንድ መሪጌታ መልስ ነው፤ ከሁሉ ይረዝማል፣ እኔም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በዜማ ትምህርት ምልክት ተራ ቃል ሳይሆን የሙያው ስም ነው ይላሉ። ድጓ የተባለው የዜማ መጽሐፍ ተከፍቶ ሲታይ ከጥቁሩ ንባብ በላይ ደቃቅ ጽሕፈት አለ። አንዱ ወገን ቅርጽ ነው፤ እያንዳንዱ ቅርጽ ስም አለው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ስሙ ራሱ ለጉሮሮ ትእዛዝ ነው። ይዘት ነጥብ ናት፣ ድምፅን ትይዛለች፤ ርክርክ የተደራረቡ ነጥቦች ናቸው፣ ድምፅ ይርገበገባል፤ ድፋት ዝቅ ያደርጋል፤ ቁርጥ ይቆርጣል። ሊቃውንቱ በምሥጢርም ይፈቷቸዋል፦ ይዘት የጌታን መያዝ፣ ጭረት ግርፋቱን፣ ርክርክ የደሙን መንጠብጠብ። ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጡት እነዚህ 8 ናቸው፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ድርስንና አንብርን ጨምረው 10 አደረሷቸው።

ሁለተኛው ወገን የፊደል ምልክት ነው፣ በመቶ የሚቆጠር። አንድ ወይም ሁለት ፊደል ከቃሉ በላይ ትቀመጣለች፤ ያቺ ፊደል ዜማው በቃል ከተያዘ ከሌላ ንባብ የተቆረጠች ናት። ተማሪው ያቺን ሲያይ ያንን ንባብ ያስታውሳል፣ ዜማውን አንሥቶ በፊቱ ባለው ቃል ላይ ያለብሰዋል። እዚህ ላይ መሪጌታው ይጸናሉ፦ ምልክቱ ዜማውን አይነግርም፣ ያስታውሳል እንጂ። በቃሉ ያላጠና ሰው መጽሐፉን ቢያየው ለእርሱ ዝም ያለ ነው። ከዚያም በላይ ያቺው ፊደል በሦስቱ የዜማ ዓይነቶች፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ፣ አንድ አይደለችም። ጀማሪ የሚስተው እዚህ ነው፤ ንባቡ በየትኛው ዜማ እንደተጀመረ ሳያይ ፊደሏን ይከተልና መሐል ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ምልክቱን ከማየቱ በፊት ዜማውን ለዓመታት በጆሮው ይሰማል።

ለተርጓሚዋ ያላቸው ምክር በመጨረሻ መጥቷል። በዜማ ቤት ማንም ምልክቱን ተመልከት ብሎ አያስተምርም፤ ድፋቱን ተመልከት፣ ሂደቱን አትዝለል ነው የሚባለው። ጠቅላላው ስም ለመጽሐፉ ርእስ ነው፣ ለሥራው እያንዳንዷ የራሷ ስም አላት።

መልስ 8

የፊደል ቅርጾችን ለኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ባለሙያ ነው። ለየፊደሉ የኮምፒውተር ኮድ የሚሰጠው ዩኒኮድ በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው 4.1 ዕትሙ ከ1390 እስከ 1399 ባሉት ኮዶች 10 የዜማ ምልክቶችን አስገብቷል ይላል፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደት፣ ቁርጥ። ስለዚህ አሥሩ እነዚህ ናቸው፣ የመሪጌታው ዝርዝር ከዚህ ጋር ይስተካከል የሚል ዐረፍተ ነገር ጣል አደረገ። ይህችን ባይጨምር መልካም ነበር።

ተግባራዊው ክፍሉ ግን ብርቅ ነው። እነዚህ ኮዶች ከፊደል ራስ ላይ የሚወጡ አይደሉም፤ በሁለት ነጥብ የሚጻፈው የማጥበቂያ ምልክት ፊደሉ ላይ ይቀመጣል፣ የዜማዎቹ ግን ራሱን እንደ ቻለ ፊደል ጎን ለጎን ይቆማሉ። ስለዚህ ድጓ በኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ሰው ከቃል በላይ ትንሽ ጽሑፍ የሚያስቀምጠውን የጽሑፍ ማዘጋጃውን አገልግሎት ይጠቀም። የላይኛው ጽሑፍ መጠን የታችኛው ግማሽ ይሁን፣ በመስመሮች መካከልም እስከ እጥፍ ክፍተት ይተው፣ አለዚያ የላይኛው መስመር እግር ምልክቱን ይበላዋል። ምልክቱን ጽፎ ከፍ አድርጎ ብቻ መተው አይሠራም፤ በሁለት ፊደላት መካከል ይገባና ዜመኛው የየትኛው ፊደል እንደሆነ አያውቅም። በመጽሐፍ ውስጥ ይህ ከስሕተት ሁሉ የከፋው ነው።

መልስ 9

መሪጌታው ተመለሱ፣ ድምፃቸውም ተለውጧል። ኮድ ለመጽሐፍ ይገዛል እንጂ መጽሐፍ ለኮድ አይገዛም ይላሉ። አጭር ርክርክ ያው ርክርክ ነው፤ ደረት ሂደት ሁለት ምልክቶች በአንድ ሲጻፉ ነው። ሲቀነሱ የቀሩት እነዚያው 8 ናቸው። ድርስና አንብር በፊደል ስለሚጻፉ የራሳቸው ኮድ አላስፈለጋቸውም፣ ስላልተቆጠሩ ግን አልጠፉም። በሁለቱም ወገን 10 መድረሱ መገጣጠም ነው። አንድ ሰው ሠንጠረዥ አይቶ ሊቃውንት የቆጠሩትን ላስተካክል ማለቱ አሳዝኗቸዋል፤ ይህንንም ሳይሸፋፍኑ ጽፈዋል። 8ኛው ከሁለት መስመር በማይበልጥ ቃል ይቅርታ ጠይቆ ስለ ክፍተቱና ስለ መጠኑ የጻፈውን እንዲያዩለት ለምኗል፤ እርሱን ግን መርቀውለታል።

መልስ 10

የምልክት ቋንቋ መምህርት ናት። ተርጓሚዋ በዝርዝሯ ውስጥ የእጅ ጥቅሻ ብላ ማለፏ አላስደሰታትም፤ ብዙ አንባቢ የምልክት ቋንቋን ከዚያ ጋር ስለሚደምረው። ጥቅሻ ከንግግር ጋር የሚሄድ እንቅስቃሴ ነው፤ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ቋንቋ ነው። እዚያ አንድ ምልክት ማለት አንድ ቃል ነው፣ አምስት ነገሮችም ይሠሩታል፦ የእጅ ቅርጽ፣ ቦታ፣ እንቅስቃሴ፣ የመዳፍ አቅጣጫና የፊት ገጽታ። አንዱ ሲለወጥ ቃሉ ሊለወጥ ይችላል። የጣት ፊደሉም ፊደላችንን ይከተላል፤ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይይዛል፣ ሰባቱ ሆሄያት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በእንቅስቃሴ ይለያሉ።

የቴሌቪዥን አዘጋጆችን በተመለከተ ቁጣ አላት። አስተርጓሚው የሚታይበት ሳጥን ከጠበበ ጣት አይለይም፤ ከወገብ እስከ ራስ በላይ፣ በሁለቱም ጎን ክንድ እስከሚዘረጋበት መታየት አለበት። ልብሱ ከቆዳ ቀለም የሚለይና ያለ ጌጥ ይሁን። የዜና ርእስ የሚሮጥበት መስመር እጅን ሲሸፍን መስማት የተሳነው ተመልካች ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሹን ያጣል። ይህን የጻፈችው በደረቁ ነው፣ ደረቅነቱም ተገቢ ነው።

መልስ 11

ጠበቃ ነው። በሕግ ቃሉ ጥርት ያለ ነው ይላል፦ የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ይጠበቃል፣ ጥበቃው 7 ዓመት ነው፣ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ነጋዴው የሚወድቀው የንግድ ስምን ከንግድ ምልክት ጋር ሲያምታታ ነው። ንግድ ፈቃዱ ላይ የተመዘገበው ስም ድርጅቱን ይለያል፤ ምልክቱ ሸቀጡን ወይም አገልግሎቱን ይለያል፣ ምዝገባውም ሌላ ነው። አንዱን የያዘ ሌላውን የያዘ መስሎት ሣጥን አሳትሞ፣ ማሸጊያ ገዝቶ፣ በኋላ ያው ስም ለሌላ ሰው ተመዝግቦ ያገኘዋል። ከማሳተም በፊት መፈተሽ፣ ከዚያ ማመልከት፣ ከዚያ ማሳተም ነው ቅደም ተከተሉ። የሸቀጥና የአገልግሎት ዝርዝሩ በ45 ክፍሎች የተደለደለ ነው፣ 34ቱ ለሸቀጥ፣ 11ዱ ለአገልግሎት፤ ቡና ቆልቶ የሚሸጥና ቡና አፍልቶ የሚያስተናግድ በአንድ ክፍል አይወድቁም።

ከ1ኛው መልስ ሥር ጋር ያገናኘውን ወድጄዋለሁ። ኢትዮጵያ በ2005 እ.ኤ.አ. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ አመለከተች። ሌላው መንገድ መልክዓ ምድራዊ አመልካች ነበር፤ ያ ግን ቡናው ከየማሳው ጀምሮ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፣ በጓሮው ጥቂት ዛፎች ላሉት ለብዙ መቶ ሺህ ገበሬ አይሆንም። አመለከተ፣ አመልካች፣ ምልክት፤ አንድ ሥር በአንድ ጉዳይ ሦስት ጊዜ። ችሎት ደግሞ አመልካች ሰው ነው፣ ተቃራኒው ተጠሪ።

መልስ 12

ከርእሱ የወጣ ነው፣ ግን ማንም አልከለከለውም። ምልክት የሚለው ቃል ከመብዛቱ በፊት ድምፁ ሁሉ በመሣሪያው ይጠራ እንደነበር ያነሣል። ንጋት ላይ ሰፈር ውስጥ የዕድር ጡሩምባ ሲነፋ ሰው የሚሰማው ምልክት አይደለም፣ መርዶ ነው፤ ጡሩምባ ነፊው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት አስከትሎ ይናገራል። ነጋሪት ሲጎሰም ዐዋጅ ነው፤ ስሙም ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ወረቀት ተሻግሮ ነጋሪት ጋዜጣ ሆነ። በጥንት ገዳማት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተንጠልጥሎ በጠጠር ይመታል፤ እርሱም ደወል ነው። የተወለደ ሕፃን ቆዳ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ እንኳ የማርያም ስሞሽ እንላለን እንጂ የልደት ምልክት ማለት ከውጭ የመጣ ነው ብሎ ይጨምራል።

መልስ 13

መካኒክ ነው፣ ወደ 4ኛው ይመለሳል። ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ማለት አለበት። በድንገት ሲጣደፍ መኪናው በራሱ ቋንቋ አንድ አምፖል ተቃጥሏል እያለ ነው። ዳሽቦርዱ የተጣደፈበትን ጎን ብቻ መፈተሽ ይበቃል፤ ፊት፣ ኋላ፣ ከዚያ የመያዣው ዝገት። አምፖሉ ባለ 12 ቮልት 21 ዋት ሆኖ ሳለ 5 ዋት ከገባ መጣደፉ አይቀርም። ኤልኢዲ የቀየሩ ሰዎች ሁሉም እየበራ ለምን ይጣደፋል ይላሉ፤ ኤልኢዲው የሚስበው ጅረት ትንሽ ስለሆነ ማብለጭለጫው ሪሌ የተቃጠለ አምፖል ያለ ይመስለዋል። መፍትሔው ለኤልኢዲ የተሠራ ሪሌ መግጠም ወይም ከየአምፖሉ ጋር ጎን ለጎን ሬዚስተር ማሰር ነው፤ ሬዚስተሩ ስለሚግል ፕላስቲክ ላይ አይለጠፍም፣ ብረት ላይ ይታሰራል። ቀጥታ ለመሄድ ሁለቱንም ፍሬቻ የሚያበሩትንም ይወቅሳል፦ አንዱ ጎን በሌላ መኪና ከተከለለ የሚታየው አንዱ ብቻ ነው፣ ያም ይታጠፋል ተብሎ ይነበባል።

መልስ 14

ሶፍትዌር ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ነው፣ ትዕግሥቱ አልቋል። ስለ አምፖልና ስለ ጡሩምባ ብዙ ተባለ፣ ሁለተኛዋ ጥያቄ ግን ሳትነካ ቀረች ይላል። ምልክት ለኮምፒውተሩ ነገር ጨርሶ አይሆንም፤ ሰው የሚጽፈው ሙሉ አሳብ እንጂ ጥቅሻ አይደለም። ትእዛዝ ይጠብባል፣ ጥያቄም ይጎድለዋል፣ ግማሹ ጽሑፍ ጥያቄ ስላልሆነ። ምሪት እንበለው ይላል፤ ሰው ይመራል፣ ማሽኑ ይከተላል።

መልስ 15

ወዲያው ተቃውሞ መጣ። ምሪት ቤት ለመሥራት ለፈለገ ሰው የቦታ ምሪት ነው፤ ለምእመን የመንፈስ ምሪት ነው። ሦስተኛ ሸክም ሲጫንበት ምልክት የደረሰበት ይደርስበታል ይላል። ጥቆማ ይሻላል ብሎ ቢያቀርብም ራሱ ወዲያው ያነሣዋል፤ ጥቆማ ለፖሊስ የሚሰጥ ነው። ፍንጭም አይሆንም፣ ፍንጭ ሳይታሰብ የሚያመልጥ ነገር ነውና፣ አስቦ የሚጻፍ አይደለም። ይህ ልዩነት ለሌሎች ተርጓሚዎች ይጠቅማል፦ ፍንጭ ያመልጣል፣ ጥቆማ ይሰጣል፣ ጥቅሻ በዐይን ይጣላል።

መልስ 16

መሪጌታው ለሦስተኛ ጊዜ ይገባሉ፣ አሁን በለሰለሰ ቃል። በማኅሌት ባለ ቅኔው ቅኔውን በቃሉ ይመራል፣ ሌላው እየተቀበለ በዜማ ያሰማል፤ የኋለኛው ተመሪ ይባላል። ተመሪው ቅኔውን ራሱ አልደረሰውም፣ ድምፁ ግን የእርሱ ነው። መሪው አንድ ቃል አሳስቶ ቢመራ ተመሪው ስሕተቱን አሳምሮ ያዜመዋል። ምሪት የሚለው ለማሽኑ ቢመረጥ ያለ ሥር አይደለም ይላሉ፤ የመኪናውንም መሪ በዚሁ ቃል ጠርተነዋልና። እኔ ከ15ኛው ፍርሃት ይልቅ ይህ አሸንፎኛል። የቦታ ምሪት፣ የመንፈስ ምሪት እንደሚባለው የጽሑፍ ምሪት ቢባል ማንም አይሳሳትም።

መልስ 17

ተርጓሚዋ ተመለሰች። ዓረፍተ ነገሯን አድሳ አቅርባለች፤ ምልክት ከሦስቱም ቦታ ወጥቷል። በፊተኛው አረንጓዴ መብራት፣ በመካከለኛው ክብ ቁልፍ፣ በኋለኛው ጩኸት ገብቷል። ከዚህ በኋላ ምልክት የሚለውን የምታስቀረው ከፊቱ ወይም ከኋላው የሚያስረዳው ቃል ሲኖር ብቻ እንደሆነ ትናገራለች፣ የመንገድ፣ የንግድ፣ የአደጋ። ለሁለተኛው ጥያቄ የጽሑፍ ምሪት የሚለውን በአንድ መመሪያ ላይ ሞክራ አንባቢዎች እንዴት እንደተረዱት ልትመለስ ቃል ገብታለች።

መልስ 18

የመጨረሻው የ5ኛዋ ነው፣ ሁለት መስመር። ጩኸት የሚለው ሰው አደጋ የደረሰ መስሎት እጁን ከቁልፉ እንዲያነሣ ያደርገዋል፤ መሣሪያው የሚያሰማው አንድ አጭር ጢጥ ከሆነ አጭር ድምፅ ይባል፣ ስንት ጊዜ እንደሚሰማም ይጻፍ። ተርጓሚዋ ጩኸትን አውጥታ አንድ ጊዜ የሚሰማ አጭር ድምፅ ብላ አርማዋለች።